መምህሩ የሠራው ድልድይ

መምህሩ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። የትኛው ወንዝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ሳይሳሳት ይመልሳል። ተማሪዎቹ «ካርታው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ይደሰትበታል። አንድ ነገር ብቻ አያውቁም። ካርታው ከተወለደባት ከተማ ወጥቶ አያውቅም።

ለምን እንዳልወጣ የረባ ምክንያት የለውም። መጀመሪያ እናቱ ታመመች፣ ቀጥሎ ልጆች ተወለዱ፣ ከዚያ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ጣሪያው ሲጠገን ደግሞ ሰውየው መቀመጥ ለምዷል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር አትፈልጉበት።

ውሸቱ የተጀመረው ማስተማር በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ነው። ስለ ትልቁ ወንዝ ሲያስረዳ ግማሹ ክፍል ያዛጋል፣ ግማሹ ዴስኩ ላይ ተደፍቷል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና «ባለፈው እረፍት እኔ ራሴ በዚህ ወንዝ ድልድይ ላይ ስሻገር» አለ። አርባ ራስ ቀና አለ። አርባ ራስ ቀና ሲል እያየ አፉን የሚዘጋ መምህር ካለ፣ እሱ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። በዚያች ክፍለ ጊዜ ድልድዩ ሰባት ቅስት አወጣ፤ በሁለቱም ጫፍ ከድንጋይ የተጠረቡ አንበሶች ቆሙለት፤ መሐሉ ላይ ዋሽንት የሚነፋ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ተቀመጠ። ደወል ሲደወል ከመቀመጫው የተነሳ ተማሪ አልነበረም። መምህሩ ሕሊናውን ያሳመነው በካርታ ነው፤ ካርታው ላይ መንገዱ ወንዙን ያቋርጣል፤ መንገድ ወንዝ ካቋረጠ መቼም ድልድይ አይጠፋም።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ «ይጓዛል»። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ሳምንት ሙሉ መጋረጃ ጋርዶ ቤቱ ይከተታል፤ በር የምትከፍተው ሚስቱ ናት። ሚስቱ ነርስ ነበረች። መርፌ ልትወጋ ስትል «ምንም አያምም» ማለት የዕለት ሥራዋ ስለሆነ ትንሽ ውሸት አይከብዳትም፤ ለመጣው ሁሉ «አገር ሊያይ ሄዷል» እያለች ትመልሳለች። አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ተማሪ ኳሱን ፍለጋ አጥር ላይ ቢወጣ መምህሩን በቁምጣ ሆኖ ልብስ ሲያሰጣ አገኘው። ሚስቲቱ ዐይኗን በጨው ታጥባ «ወንድሙ ነው፤ መናገር አይችልም» አለች። መምህሩ እጁን ከማውለብለብ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? የመምህሩ ዲዳ ወንድም ወሬ ሦስት ዓመት በትምህርት ቤቱ ሲዞር ኖረ።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠችና «ብዙ ዋሽቼልሃለሁ» አለችው። «አሁን የዋሸኸውን አገር አሳየኝ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በወሩ ከጎረቤታቸው ከእንስሳት ሐኪሙ አንዲት አሮጌ መኪና ገዙ። ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል፤ አሁን መልኳ ወተት የበዛበት ሻይ ነው፤ የኋላ ወንበሯም እስከ ዛሬ በግ በግ ይላል። መንዳት የምትችለው ሚስቱ ናት፤ የጤና ጣቢያውን መኪና ስታበርር ነው ያረጀችው። እሱ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጎኗ ተቀመጠ። ጉዞው አራት ቀን፣ መድረሻው ትልቁ ወንዝ።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ልጅ ሆኖ ዋለ። ተራራ ባየ ቁጥር ከፍታውን ይናገራል፤ ሚስቱም «ዝም ብለህ እየው» ትለዋለች። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀይ መስመሩን አልፎ ሄደ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። መኪናዋ ሁለቴ አጉረመረመችና ቀጥ አለች። መምህሩ ካርታውን አይቶ ቀጣዩ ከተማ ሦስት ኪሎ ሜትር እንደሚቀረው በኩራት አስታወቀ። ሚስቱም እንዲህ ከሆነ ውረድና ግፋ አለችው። ደግነቱ አንድ የጭነት መኪና ደርሶ በገመድ ጎትቶ ከከተማዋ ዳር ያለ ጋራዥ አስገባቸው።

ጋራዡ ሦስት ግድግዳ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፤ ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየቁመታቸው ተደርድረው ተሰቅለዋል። ከአንድ ከባድ መኪና ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። መምህሩ ለእግሮቹ ሰላምታ ሰጥቶ፣ መኪናቸው ውሃ አፍልታ እንደቆመች በትሕትና አስረዳ።

እግሮቹ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ከሥር «ቲቸር?» የሚል ድምፅ መጣ።

ተንፏቆ የወጣው ራሱ የተመለጠ፣ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ የታሠረ ጎልማሳ ነው። ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በዘይት የጠቆረ እጁን ጥፍሩ ሊታይበት እንደፈራ ተማሪ ከኋላው ደበቀ። መምህሩ ስሙ ጠፋበት እንጂ ቦታው አልጠፋበትም፤ የመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር። መካኒኩ በጋራዡ በር የሚያልፈውን ሁሉ ጠርቶ፣ እኚህ ሰው አገሩን በሙሉ በእግራቸው የረገጡ፣ እሱንም ሾፌር ያደረጉት መምህሩ መሆናቸውን ተናገረ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ነው ጋራዥ የከፈተው። ሰው ሁሉ እየመጣ መምህሩን ይጨብጣል። በተጨበጠ ቁጥር ቀልቡ ይገፈፋል። ሠላሳ አራት ዓመት ያከማቸው ነገር ቢኖር ስሙ ነው፤ እሱም አሁን በአንድ ጥያቄ ሊናድ ነው።

የውሃው ፓምፕ ተሰንጥቋል። አዲሱ ከትልቁ ከተማ በአውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሆቴል እናድራለን ቢሉ መካኒኩ ጆሮውን አልሰጣቸውም፤ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ቤቱ ወሰዳቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ራት ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ መካኒኩ «ቲቸር፣ እስቲ ያንን ድልድይ ይንገሩልን» አለ። መምህሩ ጉሮሮው እንደከረከረው ተናገረ። ሻይ ቀረበለት። መንገድ እንዳደከመው ተናገረ። ትራስ ቀረበለት። ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው፤ ንገር ማለቷ ይሁን ተው ማለቷ አልገባውም። ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኋላ ግን ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያይ የድሮ ወዙ ተመለሰ፤ ስለ ሽማግሌው ዋሽንት ሲያወራ እሱ ራሱ ዐይኑ እንባ አቀረረ። መካኒኩ ጉንጩን በእጁ ደግፎ እየሰማ፣ አልፎ አልፎ ብቻ በትሕትና ይጠይቃል። አንበሶቹ ፊታቸው ወደ ወንዙ ነበር ወይስ ወደ መንገዱ? ያኔ ቅስቱ ሰባት አልነበር፣ ዛሬ እንዴት ስምንት ሆነ? መምህሩ «ጨምረውበት ይሆናል» አለ። ሚስቱ ሳቋን ለማፈን ውሃ ጠጣች፣ ውሃውም ትን አላት።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። መካኒኩ የተሰነጠቀውን ፓምፕ እየፈታ፣ ራሱን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ቲቸር፣ ድልድይ የለም።»

መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መካኒኩ ቁልፉን እያዞረ ቀጠለ። የመጀመሪያ ጉዞውን ለምኖ ወደ ትልቁ ወንዝ ያስመደበው ያንን ድልድይ ለማየት ነበር። ቢደርስ ያለው በገመድ የሚጎተት የብረት ታንኳ ነው፤ መኪና አንድ በአንድ ተጭኖ ይሻገራል፤ ወረፋው ግማሽ ቀን ይፈጃል። የተሳሳተ ቦታ የመጣ መስሎት ድልድዩ የት ነው እያለ ወረፋውን በሙሉ ጠየቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌሮቹ ሁሉ ስሙን ረስተው «ድልድዩ» ሲሉት ኖሩ፤ በየመናኸሪያው «ድልድዩ መጣ» ይባል ነበር። ተናዶ ነበር፤ ጭነቱን አራግፎ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሊመጣና ክፍል ውስጥ በተማሪ ፊት ሊሞግተው ወስኖ ነበር። ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲመለስ ተራራውን አየ፣ በረሃውን አየ፣ ሐይቁን አየ፣ ንዴቱም የሆነ ቦታ ወርዶ ቀረ።

«ካወቅክ ታዲያ ትናንት ለምን አስለፈለፍከኝ?» አለ መምህሩ።

መካኒኩ ራሱን ከኮፈኑ ሥር አወጣ። «ናፍቆኝ ነበር» አለ።

መምህሩ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሲጀምር መካኒኩ በእጁ ምልክት አስቆመው። «ወደ ወንዙ ከሚወስደው መገንጠያ ማዶ ከሄድኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ የሚያልፉት መኪኖች ሁሉ በሌላው መንገድ ነው የሚታጠፉት። ሲደርሱ ይደውሉልኝ። ያዩትን ይንገሩኝ፤ ያዩትን ብቻ። ከእርስዎ አንድ ጊዜ እንኳን እውነተኛ ነገር ልስማ።»

መምህሩ ማለ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሰም፤ ማታ ለሚስቱ ሁሉን ነገራትና እንመለስ አላት፤ ምን ፊት ይዤ ነው የምሄደው አለ።

«ወንድምህ ከፈለገ ይመለስ» አለች ሚስቱ፤ «እኔና አንተ እንሄዳለን።»

ፓምፑ መጣ፣ ተገጠመ፣ መኪናዋም እንደ ልጅነቷ ተነሣች። ሁለት ቀን ነዱ። መምህሩ ካርታውን ኪሱ ከትቶ በመስኮት ብቻ ያያል፤ ከፍታም አልተናገረም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ኮረብታ ዞሩና ትልቁ ወንዝ ታየ።

ድልድይ ነበረው።

መምህሩ መኪናዋን አስቁሞ ወረደ፤ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ዳር ላይ የዛገው የብረት ታንኳ ተገልብጦ ዶሮዎች ይተኙበታል። የዶሮዎቹ ባለቤት ድልድዩ ከተሠራ ሦስት ዓመቱ መሆኑን ነገረችው። ይኼን ዕድሜ ሙሉ ድልድይ አለ ሲል የኖረ ሰው፣ ድልድዩን ሲያገኘው መኪናዋን ተደገፈ። አሁን ምን ብሎ ይደውል? ድልድይ አለ ቢል ማን ያምነዋል? ያ ሰው ያዩትን ብቻ ብሎ ለምኖታል፤ ይኸው ውሸታሙ ወንዙ ዳር ቆሞም መዋሸት አልተወም ሊል ነው። ስልካቸው የድሮ ነው፤ ፎቶ አያነሣም። እኔ ልመስክርልህ አለች ሚስቱ፤ ያንቺን ምስክርነት ማን ይቀበለዋል አላት።

«እንግዲያው ታንኳው አለ በለውና ተገላገል» አለች። «አምኖህ ያድራል።»

ይህ ምክር አልከፋም፤ መምህሩም ለአፍታ አስቦበታል፤ እንዳላሰበበት አድርጌ ባወራ እኔም ከእሱ አልሻልም። ለመታመን አንድ ትንሽ ውሸት ብቻ ነው የሚጎድለው። ዶሮዎቹን አየ፣ ወንዙን አየ። ከዚያ ደወለ።

«ድልድይ አለ» አለ።

በወዲያኛው ጫፍ ረጅም ዝምታ ሆነ። መምህሩ ያንን ዝምታ ያውቀዋል፤ ተማሪ የቤት ሥራዬን ፍየል በላብኝ ሲለው እሱ ራሱ ዝም የሚለው እንዲህ ነበር።

«ስንት ቅስት አለው?» አለ መካኒኩ ድምፁ ቀዝቅዞ።

«ቅስት የለውም። በአራት የኮንክሪት እግር ነው የቆመው፤ ግራጫ ነው። ከሩቅ ሲያዩት አግዳሚ ወንበር ይመስላል።»

«አንበሶቹስ?»

«የሉም። መግቢያው ላይ መሽናት ክልክል ነው የሚል ተጽፏል፤ እዚያው ሥር ይሸናል። በግራ በኩል አንዱ መኪና ገጭቶት ብረቱ ተጣሟል፤ ያስተካከለውም የለም።»

«ዋሽንት የሚነፋ ሰውስ?»

«ሞባይል ካርድ የሚሸጥ አለ። እሱም ተኝቷል።»

መምህሩ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጠብቃል፤ ሚስቱም ጆሮዋን አስጠግታለች።

«ያስጠላል?» አለ መካኒኩ።

«በጣም ያስጠላል» አለ መምህሩ። «ምንም የሚወራለት ነገር የለውም።»

«እንግዲያስ አለ» አለ መካኒኩ። «እርስዎ የሠሩት ቢሆን እንዲህ አያስጠላም ነበር።»

መምህሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ እንባው ግን ቀደመው፤ ስልኩን ሚስቱ ተቀበለችው።