ሰፊው የኋላ ጎማ

ለስፖርት ሞተር ሳይክሌ ከበፊቱ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ገዛሁ። ጎሚስታው አየት አደረገና "ይሄማ አይገባም" አለኝ። እኔ ደግሞ አይሆንም ሲሉኝ ይብስብኛል። ጣና ዳር፣ አባቴ ጀልባ ከሚሠሩበት ግቢ ወስጄ ራሴ ገጠምሁት። ገባ። ሲሽከረከር ግን የሆነ ቦታ ይነካል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ማየት አቃተኝ። ተናድጄ መፍቻውን ወረወርሁት።

አባቴ ሞተሬን "ጯሂው" ከማለት በቀር ቀርበውት አያውቁም። ያን ቀን ግን መጡና፣ ሳንቃ አልገጥም ሲላቸው እንደሚያደርጉት፣ ጎማውን ግራና ቀኝ በያዘው ብረት ላይ የጠመኔ ዱቄት በጣታቸው ቀቡበት።

"በይ አሁን አዙሪው" አሉኝ።

አዞርሁት። የጎማው ጠርዝ በግራ በኩል ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የሚነካው እዚያ ጋ ነው። ሰንሰለቱን ትንሽ አስረዘምሁና ጎማውን ብረቱ ሰፋ ወደሚልበት ወደ ኋላ ሳብሁት። አሁን ያለ ኮሽታ ዞረ።

ሞተሩን አስነስቼ ከግቢው ስወጣ ጀልባ ሊያሠሩ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ሰፊውን ጎማ አይተው ከበቡኝ። "ማን ገጠመልሽ?" አሉ።

አባቴ ቀደሙኝ። "ማንም አልገጠመላትም፤ ልጄ ራሷ ናት!" አሉ፣ ነጫጭ ጣቶቻቸውን ከጀርባቸው ደብቀው።