አባን ፍለጋ የወጣሁ ቀን

አባቴ አልጋ ላይ ከዋለ ወራት አልፈው ነበር። ከከምባታ መጥቶ አዋሳ ውስጥ በአናጢነት የኖረ፣ የእሑድ ቅዳሴ የማይቀርበት ካቶሊክ ነበር። መስከረም እንደጠባ አንድ ጠዋት አጥሚቱን ይዤለት ስገባ፣

«አባን ጥሪልኝ፤ መቁረብ እፈልጋለሁ» አለኝ።

አባ የምንላቸው በከተማችን ለብዙ ዘመን የቆዩ ጣሊያናዊ ቄስ ናቸው።

«ዛሬ እኮ የአብዮት በዓል ሰልፍ አለ፣ አባባ። ነገ ብጠራቸውስ?»

«ዛሬ ይሁንልኝ» አለ። ለራሱ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበርና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ ዘበኛው፣ «አባ ማልደው ገጠር ወጡ። ሰሞኑን አይመለሱም» አለኝ። ሌላ ቄስ አልነበረም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ደጅህን ሲጠና ኖሮ ይህቺን ትከለክለዋለህ? አልኩ በልቤ።

ስመለስ ደግሞ ዋናው መንገድ ለሰልፉ ተዘግቷል። ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረው የቀበሌያችን ሊቀመንበር አየኝና፣ «ጓዲት፣ ወዴት ነው? ሰልፉ በዚህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀርቤ አባቴ እንደጠናበት ነገርኩት። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሐይቁ በኩል ዙሪ። እኔ አላየሁሽም።»

በአሞራ ገደል ዞርኩ። ዓሣ ከሚሸጥበት ቦታ አጠገብ እስከ መስኮቱ ጭቃ የለበሰ ላንድሮቨር ቆሟል። አባ ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ጋር በሲዳምኛ ዋጋ ይከራከራሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«አባ! ገጠር ሄደዋል አሉኝ እኮ!»

«ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። ተናድጄ ነው የተመለስኩት፤ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው» አሉ።

አባቴ የጠየቀኝን ስነግራቸው ዓሣውን ለሴትየዋ መለሱላት። «ግቢ፣ ልጄ። የቅዳሴው ዕቃ መኪናው ውስጥ ነው፤ እዚያው እቀድስለታለሁ።»

አባቴ ሲያያቸው አልተገረመም። «መጡ?» ብቻ አለ። ኑዛዜውን እስኪጨርስ ውጭ በረንዳው ላይ ጠበቅኩ። ከዚያ ራሱ በሠራት ጠረጴዛ ላይ ቀደሱ፣ አቆረቡት፣ ግንባሩንና እጆቹን ዘይት ቀቡት። ከሩቅ የሰልፉ መፈክር በድምፅ ማጉያ ይሰማል። አባ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯቸው ጸለየ፤ ከዚያ ለብዙ ቀን ያጣው እንቅልፍ ወሰደው።

ስሸኛቸው በልቤ የነበረውን አወጣሁት።

«አባ፣ እግዚአብሔር ለእኛ ሲል ድልድዩን አፈረሰ ልበል? የገጠሮቹስ? እነሱም እኮ ታማሚ ይኖራቸዋል።»

የመኪናውን በር ከፈቱ።

«ድልድዩን ማን እንዳፈረሰው አላውቅም» አሉ። «አንቺን በሐይቁ በኩል ማን እንዳመጣሽ ግን አውቃለሁ። ለእነሱ ደግሞ ነገ በእግሬ እሄዳለሁ።»

እንዳሉትም በማግስቱ ሄዱ። አባቴ በዚያው ሳምንት አረፈ። አባ ለቀብሩ የደረሱት በቀጥታ ከገጠር ሲመለሱ ነበር፤ ልብስ ሳይለውጡ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ድረስ ርሶ።