ቅርጫት ኳስ ከማግዳ ጋር

ባለፈው ቅዳሜ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ፣ ቴሌቪዥኑ የፖላንድ ሴቶችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያሳይ ነበር። ልጎርስ ያነሳሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። ማግዳ ትዝ አለችኝ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው ከውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ከፖላንድ ወደ ከተማችን የመጣችው። የከተማው ሰው ስሟን ለአፉ እንዲመቸው «መቅደላ» አላት። በአገሯ ስመ ጥር ተጫዋች እንደነበረች ማን ያውቃል? አንድ ቀን ግን እኛ ተማሪዎች ቅርጫት ኳስ ስንጫወት ቆማ ስታየን ቆየችና ኳሱን ተቀብላ ከሜዳው አጋማሽ አስገባችው። አፋችንን ከፍተን ቀረን። ጉልበቷ ተጎድቶ በሃያ ስምንት ዓመቷ ጨዋታ አቁማ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ኳስ ስትነካ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ኋላ ነገረችን።

በማግስቱ አሠልጣኛችን ሆነች። እያነከሰች ታስሮጠናለች፣ በተሰባበረ አማርኛ ትቆጣናለች፣ ስናገባ ከእኛ በላይ ትጮኻለች።

አቀስታ ከተማ ሄደን ከዚያ ተማሪዎች ጋር እንድንጋጠም ሲወሰን አባቴ እምቢ አለ። ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አንዴ ከተናገረ አይመለስም። ማግዳ ሱቁ ድረስ ሄደች።

«አንቺስ ይህን ኳስ ተጫውተሽ ምን አተረፍሽ?» አላት።

«ጉልበቴ ሄደ፤ ጓደኞቼ ቀሩ» አለችው።

አባቴ በሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ፣ ይቺ አትዋሽም!» ብሎ ፈቀደልኝ። ለመለያችንም ሰማያዊ ጨርቅ ከጣቃው ቆርጦ ሰጠን።

የአቀስታ ብርድ በጥቅምት! ጣቶቻችን ደንዝዘው ኳሱ ድንጋይ ድንጋይ አለን። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሁለት ነጥብ እየተመራን ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠኝ። ኳሱን ይዤ መስመሩ ላይ ቆምኩ።

ማግዳ ከዳር ሆና ጮኸች፦ «እኔ በዋንጫ ጨዋታ ሁለቱንም ስቻለሁ! በማግስቱ ቁርስ በላሁ!»

እየሳቅሁ ወረወርኩ። አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ብረቱን ነክቶ ወጣ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

የአቀስታ ልጆች ግን ትኩስ ቅቅል ድንችና አዋዜ ይዘውልን መጡ። ከእነሱ ጋር እያጨበጨብን ጨፈርን፤ ማግዳም በዚያ ጉልበቷ እስክስታ ወረደች። ሚኒባሱ ውስጥ ስንዘፍን ድንገት ዞር ብል ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አልኳት ደንግጬ።

«ለካ ይህን ጨዋታ አሁንም እወደዋለሁ» አለችኝ፤ እንባዋን እየጠረገች ዘፈኑን ተቀላቀለች።

በዓመቱ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ወደ አገሯ ተመለሰች። የት እንዳለች አላውቅም። ስፖርት ማስተማር የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው። የተጫዋችነት ዘመኗ በሃያ ስምንት ዓመቷ አበቃ ትል ነበር፤ እኔ ግን አንድ ዓመት እጨምርበታለሁ፤ ያን የእኛን ዓመት።