የተቆረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር

በደርግ ጊዜ ቆቦ ገበያ ጨርቅ እነግድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከጨርቁ ይልቅ የሚሄድልኝ የፎቶ ፍሬምና መስተዋት ነበር። የመሪው ፎቶ ያልተሰቀለበት ሱቅ ስላልነበረ ደንበኛ አላጣሁም።

በዚያው ሰሞን ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነበር። አገራችን ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛን ከነስድቡ ያውቃል። ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን። አንድ ቀን ፎቶ ይዞ መጣና ፍሬም አስገባልኝ አለ። ሁለት ሰዎች ይጨባበጣሉ፤ አንዱ ቱታ የለበሰ ሽማግሌ፣ ሌላው ከረባት ያሰረ ወፍራም ሰው።

«ባለ ቱታው አባቴ ነው፤ ሞቷል። ያኛው ጠቅላይ ሚኒስትራችን ነው፤ ፋብሪካችንን ሊጎበኝ መጥቶ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝምና አደራ።»

«ፕሬዚዳንት አላችሁ አላልከኝም?»

«እሱ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ይፈርማል። አገሩን የሚያስተዳድረው ይኼ ነው፤ ምክር ቤቱ እስከፈቀደለት።»

የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላልኳትም። ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

ሐሙስ ሬዲዮው ተናገረ፤ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ምክር ቤቱ እምነት ነፍጎት ከሥልጣን ወርዷል። ክው አልኩ። ንጉሡ የወረዱ ጊዜ ፎቷቸውን ከግድግዳ ለማንሳት የዘገየ ጎረቤቴ ስንት ወር ታስሮ እንደከረመ አውቃለሁ። ለሙሴም ፈራሁለት፤ አባቱ ከወደቀ ሰው ጋር ሲጨባበጥ የሚያሳይ ፎቶ ይዞ አገሩ ቢገባ ካውሮፕላኑ ሥር የሚለቅሙት መሰለኝ።

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ በጨርቅ መቀሴ ባለ ከረባቱን ቆርጬ አወጣሁትና ክብሪት ጫርኩበት። የሽማግሌውን ጣቶች እንዳልቆርጥ ስጠነቀቅ የሰውየው እጅ አብሮ ቀረ። አባትየው ፍሬሙ ውስጥ ባለቤት የሌለው እጅ ጨብጦ ቆመ።

ቅዳሜ ሙሴ እያፏጨ መጣ።

«ሰምተሃል?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ሰውየው ወርዷል።»

«ሰማሁ።»

«የት አሰሩት?»

«ለምን ይታሰራል? ቤቱ ነው። ምናልባት በዓመቱ ይመለሳል፤ ካሁን በፊትም ወርዶ ተመልሷል።»

«ወላሂ በል።»

«ምን ወላሂ ያስብላል፤ እኛ ዘንድ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ሸሚዝ ነው፣ ይቀየራል።»

ብሎኝ መልሶ ማፏጨት ጀመረ። ፍሬሙን ከባንኮኒው ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። ፉጨቱ ቆመ።

«ሰውየውን ቆርጬ አቃጠልኩት፤ አባትህን አትርፌልሃለሁ» አልኩ።

ብዙ አየው። «አባቴ ይህን ሰው መርጦት አያውቅም» አለ። «እጁን እንደጨበጠ ‹ዘንድሮም አልመርጥህም› አለው፣ ፊት ለፊት። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው።»

«ከዚያስ አባትህን ምን አደረጉት?»

«ምን ያደርጉታል? ሰውየው ሳቀ። ፎቶውንም በፖስታ የላከለት የራሱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ነው።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ‹አልመርጥህም› ብሎ ፎቶ በፖስታ! እኔ ለስብሰባ ዘግይቼ ቀበሌ አድሬ አውቃለሁ።

«ያቃጠልከው እኮ ያንን ሳቅ ነው» አለኝ ሙሴ።

አውራ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ፣ ሰውየው በቆመበት በኩል አሳረፈ። እኔ ራሴ በሸጥኩት ፍሬም ከጀርባዬ የተሰቀለው መሪ ሁለታችንንም ያየናል። የሰውየውን ሳቅ ላስታውስ ሞከርኩ። ስቆርጠው ፊቱን አላየሁትም ነበር፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።