የሦስተኛው ምሰሶ ኪዩቦች

አጎቴን ድልድይ ሠሪዎቹ ሁሉ «ሰባሪው» ይሉታል። እንጀራው መስበር ነበር። ለምሰሶ ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር፣ ከሚፈሰው ላይ ቀንሶ በብረት ሳጥን እየሞላ ስድስት ኪዩብ ይወስዳል፤ ቀኑንና የምሰሶውን ቁጥር ይጽፍባቸዋል፤ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋቸዋል። በሃያ ስምንተኛው ቀን አንድ በአንድ ማሽን ውስጥ እያስገባ እስኪፈረካከሱ ይጫናቸዋል። ምን ያህል ችለው እንደተሰበሩ ማሽኑ ይናገራል፣ እሱ ይመዘግባል። ኪዩቡ ቶሎ ከተሰበረ ምሰሶውም ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ሠራተኞቹ «ለሰባሪው ብርጭቆ እንዳታቀብሉት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አምና አጎቴ የሠራበት የድልድይ ሥራ ድርጅት ስድሳ ዓመት ሞላውና ታሪኩ በመጽሐፍ ይውጣ ተባለ። አጎቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ልጅ እግር ናት፤ ቤታችን መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የጻፈችውን ታነብለት ጀመር። ድርጅቱን የጀመሩት ሁለት ወንድማማች አናጢዎች ናቸው፤ አንድ መጋዝና የተዋሱት ገመድ ነበራቸው። የመጀመሪያውን የእንጨት ድልድያቸውን በዓመቱ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ታላቅየው አፍሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዚያ መንደር ዝር አላለም፤ በሦስተኛው ግን ተመልሶ በገዛ እጁ ሠራው። ከዚያ ብረት መጣ፣ ከብረቱ በኋላ ኮንክሪት።

የአጎቴ ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦ «በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ሙሌት ሳይፈትሽ አላሳለፈም።» ፎቶውም እዚያው እንደሚገባ ነገረችው።

አጎቴ እንደገና እንድታነብለት ጠየቃት። አነበበችለት።

«ልጄ፣ ይሄን አውጪው» አላት። «ውሸት ነው።»

እኛ ቤት አንድ የማይገባን ነገር ነበር። አጎቴ በአውቶቡስ ሲሄድ ትልቁ ድልድይ ጋ ሲደርስ ይወርዳል፤ በእግሩ ይሻገርና ወዲያ ማዶ ሌላ ይሳፈራል። ወንዙን ወዶት ይመስለን ነበር።

አጎቴ ለጸሐፊዋ እንደነገራት፣ የትልቁ ድልድይ ሦስተኛ ምሰሶ በተሞላበት ቀን ዝናብ ነበር። የዋንጫ ጨዋታም ነበር። አጎቴ አምስት ደቂቃ ብቻ ብሎ ሬዲዮ ወዳለበት የጥበቃ ቤት ገባ። ሲወጣ ሙሌቱ አልቋል፣ ማደባለቂያውም ታጥቧል። ኮንክሪቱ ሲደባለቅ ምን ያህል የዝናብ ውሃ እንደገባበት ያየ የለም። በማግስቱ አራተኛው ምሰሶ ሲሞላ አሥራ ሁለት ኪዩብ ወሰደ፤ በስድስቱ ላይ የትናንቱን ቀንና የሦስተኛውን ምሰሶ ቁጥር ጻፈ።

«ለዚያውም ተሸነፍን» አለ። ጸሐፊዋ ሳቀች፤ እሱ አለመሳቁን ስታይ አፏን ያዘች።

«ድልድዩ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል፣ እኔም እንዳልሰማ እሆናለሁ» አለችው ጸሐፊዋ። የአጎቴ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ሆድ ይፍጀው አይባልም?»

«ሆዴን ነው የፈጀው» አላት።

በማግስቱ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ወደ ድርጅቱ ሄደ። ጉልበቱን ስለሚያመው ደግፌው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ያኔ የድልድዩ ወጣት መሐንዲስ የነበሩት ሰው ናቸው። ሁሉንም ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለአዳዲሶቹ ልጆች ምሳሌ አድርጌ የማወራው አንተን ነበር» አሉት።

አጎቴ ጫማውን ያያል። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከሦስተኛው ምሰሶ በመሰርሰሪያ ክንድ የሚያህል ኮንክሪት ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑን ራሱ አጎቴ እንዲይዘው አዘዙ። በማሽኑ ቁጥር ቢያንስ ሠላሳ መቻል ነበረበት። ሃያ ሁለት ላይ ተሰበረ። በድሮው መዝገብ፣ በአጎቴ የእጅ ጽሑፍ፣ ሠላሳ አራት ይላል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ስብርባሪውን ጠረገች።

ምሰሶው ዙሪያውን ሌላ ኮንክሪት እስኪለብስ ድረስ ለጭነት መኪና ድልድዩ ተዘጋ። ጭነት በአርባ ኪሎ ሜትር ጥምዝ መንገድ ይመጣል። መጽሐፉም ወጣ፤ የአጎቴ ገጽ የለም።

ባለፈው ሳምንት አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ልወርድ ስነሳ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታማርራለች፤ የጭነት መኪናው ዞሮ ስለሚመጣ እጥፍ ሆኗል።

«ይሄን ድልድይ የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ» አለች።

የአጎቴ እጅ የእሷን መቀመጫ ብረት ይዟል። ዝም እንዲል ክርኑን ነካሁት።

«ሦስተኛውን ምሰሶ የፈተሽኩት እኔ ነኝ» አላት፣ ቀስ ብሎ። «ማለቴ፣ ያልፈተሽኩት።»

ሴትዮዋ ዞራ አየችው፣ እጁንም አየችው። ዘንቢሏን ከወለሉ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። አንድ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። አጎቴ እጁን ከብረቱ አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ አውቶቡሱም ሦስተኛውን ምሰሶ አልፎ ሄደ።

እኔ ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ነበር፣ አብሬው እንዳልመጣሁ ሰው። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።