ባለቤት ያጡ ሰባት ድንጋዮች

ያ ጉዳይ እኔን በጠቅላላው ያስወጣኝ ሰባት ድንጋይ፣ አንድ ምሳና ዓመት ሙሉ ያልለቀቀኝ «ጌታው» የሚል ስም ነው። ሃምሳ አለቃን ያስወጣቸው ሌላ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ያስታወሰኝ የዛሬው የዳቦ ሰልፍ ነው። ገዳሪፍ ገበያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ አንድ ግማሽ ጡብ በሰው መካከል ተራ ይዞ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ጥላ ፍለጋ ሄዶ ይሆናል። አንድ ጎረምሳ ጡቡን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቦታውን ያዘ፤ ሰልፉም ቀጠለ። እኔም አብሬ ተራመድኩ፤ ግን ያደግኩባት ከተማ ዶካ ትዝ አለችኝ፣ ሃምሳ አለቃ መኳንንት ትዝ አሉኝ። እሳቸው ፊት ድንጋይ የገፋ ሰው የዚያን ቀን ጨው እንኳ አይገዛም ነበር።

ሃምሳ አለቃ የአክስቴ የብርቄ ባል ናቸው፤ እኔንም ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። በጃንሆይ ጦር ሃያ ዓመት አገልግለው፣ መንግሥት ሲለወጥ በመተማ ወደ ሱዳን ተሻግረው፣ ዶካ ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ዱካን፣ ማለት ሱቅ፣ ከፈቱ። እሳቸው ጦሩን ለቀቁ እንጂ ጦሩ እሳቸውን አልለቀቃቸውም። ሳሙናው በሦስት በሦስት ተሰልፎ ይቆማል፤ ክብሪቱ ግንባር ላይ፣ የሻይ ቅጠሉ ከኋላው፣ ላምባው ደግሞ ከክብሪት ጋር ጠብ እንዳይገጥም ጥግ ላይ ለብቻው። ጓዳ ውስጥ አራት ጆንያ ማሽላ ነበር፤ ስሙ «ተጠባባቂው» ይባላል። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር ጭቃ የገዳሪፍን መንገድ ይዘጋል፣ መኪና አይመጣም፣ ተጠባባቂው የሚሸጠውም የሚበላውም ያኔ ነው፤ እስከዚያ አክስቴ እንኳ ያለ ፈቃድ አትደርስበትም።

ጠዋት ጠዋት በካኪ ኮታቸው ደፉ ላይ ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ። ፊሽካው ሳይነፋ የሚገባ የለም፤ ያልተሰለፈ አይስተናገድም፤ አንድ ሰው ብቻ ከመጣም ብቻውን ይሰለፋል። ሱዳኖቹ መጀመሪያ ስቀው ነበር፤ ስኳር ሲጠፋ ግን ጉልበተኛ የማይጋፋባት ዱካን ይህችው ብቻ መሆኗን አዩና ሳቁን ተዉት። ማልዶ መምጣት የማይችል ሰው ከዋዜማው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ተራው ይከበርለታል።

የእኔ ንግድ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ የማንም ያልሆኑ ድንጋዮች በሰዉ ድንጋዮች መካከል እደረድራለሁ፤ ዘግይቶ ለመጣ አንዱን በጥቂት ቴምር እለቅለታለሁ። ዕቃው ከመንገድ ይለቀማል፣ አይበላሽም፣ አይጥ አይደፍረውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነግጃለሁ፣ እንደሱ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ያ ዓመት የረሃቡ ዓመት ነበር። አንድ ጠዋት ድንጋዮቼን ደርድሬ ሳበቃ፣ ከድንበር የመጡ ሦስት ሎሪዎች ወደ መጠለያ የሚሄዱ ሰዎች አራግፈው፣ «ሌላ መኪና ይወስዳችኋል» ብለው ተመለሱ። አቧራ የለበሱ፣ ልጆቻቸው እንኳ የማያለቅሱ ሰዎች። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው እየተደገፉ መጡና ሰልፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጌታው፣ ቀለብ የሚሰፈረው እዚህ ነው?»

በሕይወቴ ጌታው ያለኝ ሰው አልነበረም። አክስቴ የምትጠራኝ «አንተ ቀላዋጭ» ብላ ነው፣ ሃምሳ አለቃ ደግሞ «ምልምል»። «ዱካን ነው አባቴ፣ በገንዘብ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ «አዎ፣ ተሰለፉ» የሚል ሆነ።

ሃምሳ አለቃ ወጥተው ፊሽካቸውን ነፉ። ያ ሁሉ ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ሰልፍ ጦሩን ከለቀቁ ወዲህ አላዩም፤ ደረታቸው ገፋ ሲል አየሁ። ከድንጋዮቹ ቀጥላ የቆመችው ሴት ቀረበች፤ ገንዘብ አላወጣችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች።

«ምን ልስጥሽ?»

«አምስት ነን፣ ጌታዬ።»

ሃምሳ አለቃ የተዘረጋውን ነጠላ አዩ፣ ሰልፉን እስከ ጭራው አዩ። አክስቴ ግን ከውስጥ ሰምታለች። አክስቴ ባሏን አንቱ የምትል ሴት ናት፤ አንተ የምትለው ሲመራት ብቻ ነው።

«አንተ! ዱካን ነው የከፈትከው የጦር ስንቅ ቤት? በገንዘብ መሆኑን አትነግራቸውም?»

«ተሰልፈዋል እኮ፣ ብርቄ።»

«ቢሰለፉስ? ክረምቱን ምን ልንበላ ነው፣ ፊሽካህን?»

«የተሰለፈ ሰው ባዶ እጁን አሰናብቼ አላውቅም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ምልምል! ተጠባባቂው ይውጣ!»

በነፍስ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ማሽላ ተሰፈረ። ግን ቀድመው የተሰለፉት ድንጋዮቹ ናቸው፤ ደንብ ደንብ ነውና በእያንዳንዱ ድንጋይ አጠገብ ወረቀት አስነጥፈው አንዳንድ ጣሳ ማሽላ አስፈሰሱኝ። ከአሥራ ሁለቱ ድንጋዮች የአምስቱ ባለቤቶች ስኳር ሊገዙ መጡ፣ ነገሩን አዩ፣ ድርሻቸውን ወደ ጆንያው መለሱና ድንጋያቸውን ብድግ አድርገው ሄዱ። ሰባቱን የሚጠይቅ ጠፋ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጆንያው አለቀ። የቀሩት፣ ሰዎቻቸውን ሁሉ ሲያስቀድሙ ያረፈዱት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«ስንት ናችሁ፣ አባቴ?»

«ስምንት።»

ሃምሳ አለቃ ሰባቱን ክምር ተመለከቱ። «የእነዚህ ባለቤት ማነው?»

እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ሽማግሌው ሊረዱኝ ብለው፣ «የጌታው ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ሲደረድራቸው አይተናል። እዚህ ተሰለፉ ያለንም እሱ ነው፣ እግዜር ይስጠው» አሉ።

ሃምሳ አለቃ አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ በተሻለ። ሰባቱን ክምር በገዛ እጃቸው ለሽማግሌው አፈሱና፣ «ስምንተኛውን ጌታው ከምሳው ያሟላ» አሉ። ስስ የማሽላ እንጀራዬ፣ ኪስራው፣ ከነወይካ ወጡ ወጣ። ድንጋዮቼንም አንድ በአንድ ከከተማ ውጭ ተሸክሜ ጣልኩ።

ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው መንገዱን ዘጋ፣ ዱካኑ ውስጥ በሦስት በሦስት የተሰለፈ ሳሙና ብቻ ቀረ። ንጹሕ ሆነን ተራብን። ሃምሳ አለቃ ካኪ ኮታቸውን ሸጠው አበሉን፤ ከዚያ በኋላም በሸሚዝ ወጥተው፣ ሰው ኖረም አልኖረ፣ ይነፉ ነበር። አክስቴ አንተ እንዳለቻቸው ክረምቱ አለፈ።

አዝመራ ሲሰበሰብ ያቺ «አምስት ነን» ያለችው ሴት መጣች። አጨዳ ላይ ሥራ አግኝታ ኖሮ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ማሽላ ይዛለች። ዱካኑ ውስጥ ማንም የለም፤ እሷ ግን ደፉን ሳትረግጥ ከውጭ ቀጥ ብላ ቆመች። «ግቢ እንጂ» ብላት፣ «መች ተነፋ?» አለችኝ።

ሃምሳ አለቃ ፊሽካቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ነፉ፤ ድምፁ ሰለል አለ። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ጣሳውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምን ቆመዋል፣ ይቀበሏት እንጂ» አለቻቸው።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ገዳሪፍ ላይ የእነሱን አራት እጥፍ የሚሆን ዱካን አለኝ፤ ደንበኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ይጮኻል፣ ክንደ ረጅሙ ይቀድማል፣ እኔም ለክንደ ረጅሙ እሰጣለሁ። ፊሽካው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ብነፋው ሰዉ ፖሊስ መጣ ብሎ ተበተነ፤ ዳግመኛ አልነካሁትም።

የሃምሳ አለቃ ሒሳብ እንግዲህ ይኸው ነው። የወጣ፣ አራት ጆንያ። የገባ፣ አንድ ጣሳ።