ሰባ ሁለት ይበቃኛል

የሱሉልታ ሰው ወተት ሲሰፍር እጁ አይንቀጠቀጥም። የልጁን ውጤት ሲያወራ ግን ያው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ስልሳ ያመጣ ልጅ ጎረቤት ዘንድ ሲደርስ ሰማንያ ሆኗል፤ ገበያ ሲወጣ ዘጠና፤ ጫንጮ ሲደርስማ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መኪና ልኮ ሊወስደው ነው። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። ላሊሴ ቦጂያ ሁለት ጊዜ የወደቀችው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ላሊሴ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሱሉልታ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው አለፍ ብሎ ባለች አንዲት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ናት። የሕክምና ዕቃ ትቀቅላለች፣ ታካሚ ታስገባለች፣ ሐኪሟ ሲሠሩ የምራቅ መምጠጫውን ትይዛለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ካለፈች ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መምጠጫውን ለሌላ ሰው አስይዛ ራሷ ማከም። አዲስ አበባ ያለው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በየዓመቱ ከመቶ የሚታረም የመግቢያ ፈተና አለው። አንድ ሰው ከሦስት ጊዜ በላይ እንዲፈተን አይፈቅድም። ላሊሴ ሁለቱን ጨርሳለች።

አባቷ ኦቦ ቦጂያ ላም አርቢ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ግን ልጓም የለውም። በመጀመሪያው ፈተና ሰሞን፣ ወተት በሚያስረክቡበት ቦታ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “ልጄ መቶ ነው የምታመጣው” አሉ። ልጅት አባቷን ላለማሳፈር መቶን ፍለጋ ወጣች። መቶ ማለት ሁሉን ማወቅ ነው፤ ሁሉን ለማወቅ ደግሞ ሰው ከማያውቀው ይጀምራል፤ እሷ የማታውቀው ፊዚክስን ነው። እናም ዓመቱን ሙሉ ከፊዚክስ ጋር ስትተናነቅ ከረመች። ባዮሎጂን “እሱ አያቅተኝም” ብላ ገልጣ እንኳ አላየችውም። ሃምሳ አንድ አመጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው። በዓመቱ ኦቦ ቦጂያ “አምና ዓይን በልቷት ነው፤ ዘንድሮ መቶ!” አሉ። ላሊሴም ያንኑ ፊዚክስ እንደገና ገለጠች። ሃምሳ አራት።

ከሁለተኛው ውጤት በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ቀና ብላ አላየችም። መንደሩም ዝም አላለም፤ ሱቅ ያላት ሙሉዬ ሳሙና ስትሸጥላት እንኳ “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሁሉም ሐኪም ከሆነ ማን ይታከማል?” አለቻት። ማጽናናቷ መሰላት እንግዲህ።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ረምዚያ በየቀኑ ከቡራዩ እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ታካሚ ሳይገባ ላሊሴን ጠሯት።

“ዘንድሮስ?” አሉ።

“እፈተናለሁ፣ ዶክተር።”

“ስንት ልታመጪ?”

“መቶ” አለች ላሊሴ። ሌላ ቁጥር አታውቅማ።

“ማነው መቶ የጠየቀሽ?”

ላሊሴ ወደ ዕቃ መቀቀያው ዞረች።

“ኮሌጁ መቶ አልጠየቀም” አሉ ዶክተር ረምዚያ ጓንታቸውን እየሳቡ። “አምና በስልሳ ስምንት ነው ያስገባው። ካቻምና በስልሳ ዘጠኝ። መቶ የጠየቁት አባትሽ ናቸው። የሚያስገባሽ ግን ኮሌጁ ነው።”

በማግስቱ እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ቢሆንም ሁለቱ መጡ። ዶክተሯ የአምናውን ፈተና አንድ ቅጂ ከሆነ ቦታ አግኝተው ነበር። ሌላ ወንበር ስለሌለ ላሊሴን የታካሚው ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ መብራቱን ወደ ወረቀቱ ዞር አደረጉላት፣ ሰዓት ያዙ። “ምንም ሳታጠኚ፣ አሁን ባለሽበት ሥሪው” አሏት። “እኔ ራጅ ሳላነሳ ጥርስ አልነቅልም። የት እንዳለሽ ሳናውቅ የት እንደምትደርሺ አናወራም።”

ታርሞ ሃምሳ ሰባት ሆነ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ በአንድ የሰዓት ገደብ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ከሃያ አምስት ይያዛል። ሁለት ዓመት ደሟን የመጠጠው ፊዚክስ ዘጠኝ ሰጥቷታል። ያልነካችው ባዮሎጂ አሥራ ሰባት። እንግሊዝኛውን ደግሞ አልጨረሰችውም፤ የመጨረሻዎቹ ምንባቦች ላይ ሳትደርስ ሰዓቱ አለቀ።

“ባለፉት ሁለት ጊዜያትስ ጨርሰሽው ነበር?” አሉ ዶክተሯ።

“አይ። ፊዚክሱ ላይ ነው ሰዓት የሚያልቅብኝ።”

ዶክተር ረምዚያ ወረቀቱን አጠፉት። “እንግዲህ ስሚ። ትልቁ የመቁረጫ ነጥብ ስልሳ ዘጠኝ ነው። ለክፉ ቀን ሦስት ጨምሪበት፤ ሰባ ሁለት። ዘንድሮ የምትፈልጊው ሰባ ሁለት ነው። ባዮሎጂ ላይ ተጨማሪ ስድስት ታገኛለሽ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ላይ ሌላውን። ፊዚክስ ቀላል ቀላሉን ለቅመሽ ውጪ። ከባዱን እለፊው።”

“ልተወው?”

“ተይው።”

ይህ ምክር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ላሊሴን ልቧን ነው የወጋት። ቤቷ እስክትደርስ እንባዋን ጠረገች። ሰባ ሁለት! በቃ ይሄ ነኝ? ይህችን ያህል ብቻ ናት የምታምነኝ? አለች በሆዷ። ሰው ሲወድቅ እንኳ ከትልቅ ቦታ መውደቅ ይፈልጋል፤ ከመቶ ወድቆ ሃምሳ ማምጣት ከሰባ ሁለት ወድቆ ሃምሳ ከማምጣት የተከበረ ይመስለዋል። ሞኝነት ነው፤ ግን የሁላችንም ሞኝነት ነው።

ሆኖም ባዮሎጂውን ገለጠች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሕይወቷ ቀምሳው የማታውቀው ነገር መጣላት፤ መጨረስ። መቶን ስትፈልግ አንድም ምዕራፍ አልቆ አያውቅም ነበር፤ ምንጊዜም የቀረ ነገር አለ። አሁን ግን “ይሄ በቃኝ” ብላ መጽሐፍ መክደን ቻለች። እንቅልፍ ተኛች። እናቷ ድንቅቱ እንኳ “ይህች ልጅ ታማ ነበር እንዴ? ፊቷ መለስ አለ” አለች። በሁለተኛው ወር ዶክተሯ ሌላ የቆየ ፈተና ሰጧት፤ ስልሳ አራት። በአራተኛው ወር ሰባ። ቁጥሯ መቶ ቢሆን ኖሮ ሰባ ባመጣች ቀን አልቅሳ ትተኛ ነበር። አሁን ክሊኒኩ ውስጥ እየዘለለች ዶክተሯን አቀፈቻቸው፤ ሴትዮዋም መታቀፍ የማይወዱ ቢሆኑም ቻሉት።

ችግሩ ቤት ውስጥ ነበር። ሰባ ሁለትን ለአባቷ አልነገረችም።

ከፈተናው በፊት በነበረው እሑድ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ኦቦ ቦጂያ ምርቃት ጠሩ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ወተት ተቀዳ፣ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ቀረበ። የሚመርቁት የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ኢፋ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ምርቃት በጅምላ አይወዱም። ዝናብም ይሁን ጤና፣ የሚለመነው ነገር ተለይቶ ካልተነገራቸው አፋቸውን አይከፍቱም። እርጥብ ሳር ይዘው ተነሡና፣ “እሺ ቦጂያ፤ ዘንድሮስ ስንት እንበል?” አሉ።

“ያው መቶ በሉ” አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

“ሰባ ሁለት ይበሉልኝ” አለች ላሊሴ።

አንድ ሰው ጭኮውን እንደጎረሰ አፉ ቆመ። ኦቦ ቦጂያ እንደ መሳቅ አሉ። “ትቀልዳለች። ልጆች እኮ ናቸው።”

“አልቀለድኩም፣ አባዬ። የምገባው በሰባ ሁለት ነው።”

“ኢንተለ ኮ፣ ልጄ” አሉ ኦቦ ኢፋ፣ ሳሩን ዝቅ አድርገው፣ “ዋቃ አምላካችን መቶ መስጠት ያቅተዋል?”

“እሱ አያቅተውም፣ ኦቦ። መቶውን መሸከም የሚያቅተኝ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሞክሬው ጣለኝ። ሰባ ሁለቱን ግን እችለዋለሁ።” ወደ ሽማግሌው ቀረብ አለች። “ካልገባሁ ሌላ ዕድል የለኝም። የምችለውን መርቁልኝ።”

ኦቦ ቦጂያ ፊታቸው ጠቆረ። “ጎረቤት ሰብስቤ ልጄ ራሷን አሳንሳ ትለምን? ምን ጎደለብኝ እኔ?” ብለው ተነሥተው ወደ ላሞቹ ወጡ። እንግዳ ጥሎ መውጣት በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ላሊሴ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ኦቦ ኢፋ ግን ትንሽ አሰቡና ሳሩን አነሡ። “በዚህ አፌ ሰባ ሁለት ብዬ መርቄ አላውቅም” አሉ። “ብቻ የሚለምነው ባለጉዳዩ ነው። ሰባ ሁለትሽን ይስጥሽ! ከእጅሽ አይውደቅ!” መጀመሪያ “ሃ ታኡ፣ ይሁን!” ያለችው እናቷ ድንቅቱ ነበረች፤ ሌላውም ተከተላት።

የፈተናው ዕለት ላሊሴ በጠዋቱ ሚኒባስ እንጦጦን ወርዳ ኮሌጁ ደረሰች። ባዮሎጂው ያጠናችውን ነው የጠየቃት። ኬሚስትሪውም አልከፋም። ከዚያ ፊዚክስ መጣ። ቀላል ቀላሉን እየለቀመች ስትሄድ አንድ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ታውቀዋለች! ሁለት ዓመት ያሠቃያት ዓይነት ነው፤ በገመድ የተያያዙ ሁለት ክብደቶች፣ ተዳፋት፣ ሰበቃ። ይህን ብትፈታው የሁለት ዓመት ቂሟን የተወጣች ያህል ነው። እርሳሷን አሾለችና ጀመረች። አንድ መስመር ጻፈች። ሁለተኛውን ጻፈች። ሦስተኛው ላይ መልሱ የሸሸ መሰላት፤ ደግሞ የቀረበ መሰላት። ቀና ስትል ፈታኙ ሰዓት ሲያዩ አየቻቸው። እንግሊዝኛው አንድም አልተነካም።

ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። ሰው ጠላቱን እጁ ላይ አግኝቶ እንደ መልቀቅ ያለ ነገር ነው፤ አንጀቷ እያረረ ነው ገጹን የገለበጠችው። እንግሊዝኛውን ከዳር እስከ ዳር ሠራችው። በሦስት ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ መልክ አየች፤ ምንባቡ ስለ ንብ ነበር፣ ደግሞም ቀላል ነበር።

ውጤቱ የወጣ ቀን ሥራ ላይ ናት። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ተንጋሏል፤ ዶክተሯ እየሞሉለት ነው፤ ላሊሴ መምጠጫውን ይዛለች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ።

“እዪው” አሉ ዶክተር ረምዚያ ቀና ሳይሉ፣ መምጠጫውን እየተቀበሏት። “ሁለታችንንም ከምታስጨንቂን።”

መጀመሪያ ያየችው የዘንድሮውን መቁረጫ ነጥብ ነው። ሰባ አንድ። ከፍ ብሏል! አምናም ካቻምናም እንዲህ አልነበረም። የራሷን ቁጥር ፈለገች። አገኘችው። አንዴ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ስልኩን ለዶክተሯ አሳየች።

“ሰባ አራት” አሉ ዶክተር ረምዚያ። መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። “ገብተሻል፣ ላሊሴ። ገብተሻል።”

ላሊሴ እልል አለች። ያን የመሰለ እልልታ ከዚያ ክሊኒክ ወጥቶ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ጥርሱን እያመመው የሚገባበት ቤት እኮ ነው። ሾፌሩ አፉን እንደከፈተ፣ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አጨበጨበላት።

ነጭ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ባጃጅ ይዛ በረረች። አባቷ የማታውን ወተት ሊያስረክቡ ተሰልፈዋል። ከምርቃቱ ቀን ወዲህ ስለ ፈተናው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ በዚያ ሰልፍ ላይም የልጃቸው ስም ሲነሣ ዞር ይሉ ነበር። ከባጃጁ ወርዳ ስትሮጥ ሲያዩ የወተት ዕቃቸውን መሬት አስቀመጡ።

“ምን ሆነሽ?”

“ሰባ አራት፣ አባዬ!”

“ሰባ አራት” አሉ ቀስ ብለው። ቁጥሩ አፋቸው ውስጥ ገና አልተመቻቸውም። “እና… ተቀበሉሽ?”

“ተቀበሉኝ! መስከረም ላይ እገባለሁ!”

ኦቦ ቦጂያ የልጃቸውን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሳሟት፤ ደግመው ሳሟት፤ ጋቢያቸው በእንባ ራሰ። ሰልፉ ተበተነ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። በዚህ መሐል ለሱቋ ወተት ልትወስድ የመጣችው ሙሉዬ፣ ነገር ሳትጨምር ማደር የማይሆንላት፣ ከጀርባ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠየቀች።

“እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን ኦቦ ቦጂያ፣ ከመቶ ሃያ ስድስቱስ የት ገባ?”

ኦቦ ቦጂያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ዞሩ። ደረታቸውን ነፉ። ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ማዶ ተሰማ።

“እኛ የሚበቃንን ወስደናል፣ ሙሉዬ! የተረፈውን ለእናንተ ልጆች ትተንላችኋል!”